ደብረ ብርሃን ተቀምጦ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ላይ ምርምር ለመሥራት ከምን ይጀመራል?

ደጋዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በሕክምና ማይክሮባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ፤ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ከዚህ በኋላ የምርምር ሥራዬን አንቲባዮቲክ በተላመዱ ባክቴሪያዎች ላይ፣ በተለይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በሚያመጡት በኢ. ኮላይና በክሌብሴላ ላይ ማድረግ እፈልጋለሁ። በእጃችን ያለው በግፊት ጌጅ የሚሠራ የቆየ ኦቶክሌቭ፣ አንድ ኢንኩቤተር፣ ተራ ፍሪዘር፣ መድኃኒት ያለባቸው ዲስኮችና ሙለር ሂንተን አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ነው። ፒሲአርም (ጂን መለያው) ዲፕ ፍሪዘርም የለም። ልምዱ ያላችሁ እነዚህን ብትመልሱልኝ፦

1. 384 የሽንት ናሙና ወስዶ የኢኤስቢኤልን (እንደ ሴፍትሪያክሶን ያሉ መድኃኒቶችን የሚያፈርስ የባክቴሪያ ኢንዛይም) ስርጭት ማጥናት ለመነሻ ይበቃል?
2. የኮንትሮል ባክቴሪያችን ኢ. ኮላይ ኤቲሲሲ 25922 በሴፍትሪያክሶን ዲስክ ዙሪያ 31 ሚሊ ሜትር ዞን (ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ) ይሰጣል፤ በጄንታማይሲን ግን 16 እና 17 ላይ ይቆማል። ዲስኩ ጊዜው አላለፈም። ምን ሊሆን ይችላል?
3. ያለ ፒሲአር የሚሠራ፣ መጽሔቶች የሚቀበሉት ሥራ አለ?
4. ለዚህ ሙያ አዲስ አበባ መግባት ግድ ነው?

ጣርማበር

ሰላም እህቴ። ከሁለተኛው ልጀምር፤ እሱ ሳይስተካከል የሚመጣ ውጤት ሁሉ አይታመንም።

በ25922 ላይ ጄንታማይሲን 10 ማይክሮግራም ከ19 እስከ 26 ሚሊ ሜትር፣ ሴፍትሪያክሶን 30 ማይክሮግራም ከ29 እስከ 35 መስጠት አለባቸው። አጋሩ ወፍሮ ወይም የተቀባው ባክቴሪያ በዝቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ዞኖች አብረው በጠበቡ ነበር። ጄንታማይሲኑ ብቻውን ከወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአጋሩ ፒኤች ነው። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አሚኖግላይኮሳይዶች አሲድ ባለበት ይዳከማሉ፤ ቴትራሳይክሊን ደግሞ በተቃራኒው ዞኑ ይሰፋል። ስለዚህ ቴትራሳይክሊን ዲስክ ካለሽ አብረሽ አስቀምጪ። ጄንታማይሲን ጠቦ ቴትራሳይክሊን ከሰፋ ፒኤቹ ወርዷል ማለት ነው።

ትክክለኛው ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.4 ነው፤ የሚለካውም አጋሩ ከረጋና የክፍሉን ሙቀት ከያዘ በኋላ እንጂ ትኩሱን አይደለም። የገጽ ኤሌክትሮድ ከሌለ ትንሽ አጋር በጥቂት የተጣራ ውሃ ፈጭተሽ ተራውን ኤሌክትሮድ አስገቢበት። ፒኤች የሚወርደው አጋሩ ከመጠን በላይ ሲበስል፣ የረጋው ደጋግሞ ሲቀልጥ፣ ወይም ፕሌቶቹ በሻማ ጃር (ሻማ እየነደደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጨምርበት ዝግ ዕቃ) ውስጥ ሲገቡ ነው። ኢንኩቤተሩ አንድ ብቻ ስለሆነ የሻማ ጃሩ የት እንዳለ አረጋግጪ። ለኢ. ኮላይና ለክሌብሴላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር አያስፈልግም፤ ጉዳት ብቻ ነው።

ፒኤቹ ደህና ከሆነ ወደ ውሃው ሂጂ። በካልሲየምና በማግኒዥየም የበለጸገ ውሃ አሚኖግላይኮሳይድን ይቀንሳል፤ ይህ በሱዶሞናስ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ መፈተኛው የሱዶሞናስ ኮንትሮል ኤቲሲሲ 27853 ነው። የጉድጓድ ውሃ አፍልቶ ሚዲያ መሥራት አይቻልም፤ የተጣራ ውሃ ይሁን።

አሁን ወደ ኦቶክሌቩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። የአየሩ ግፊት ወደ 71 ወይም 72 ኪሎ ፓስካል ስለሚወርድ ውሃ የሚፈላው ወደ 90.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲል ውስጡ 121 ዲግሪ የሚደርሰው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ እዚህ ግን ወደ 116 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። 121 ለመድረስ ጌጁ ከ19 እስከ 19.5 ፒኤስአይ ማሳየት አለበት። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ቢሆን 17 አካባቢ ይበቃል። ግፊቱን ከመጨመርሽ በፊት ግን የሴፍቲ ቫልቩንና በማሽኑ ላይ የተጻፈውን የግፊት ጣሪያ እይ፤ ካልፈቀደ አትንኪው። ያኔ ያለው አማራጭ ጊዜ ማርዘም ነው፦ በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ የሚሠራውን በ116 ለመሥራት በስሌት ወደ 47 ደቂቃ ይፈልጋል። ይህን ያህል መብሰል ሚዲያን ይጎዳል፤ የጄንታማይሲንሽ ምክንያት እዚያው ሊሆን ይችላል። ለቆሻሻ ማምከኛ ግን ረጅሙ ጊዜ ምንም አይደለም። በሙቀት ሴንሰር የሚቆጣጠር ኦቶክሌቭ ይህ ሁሉ ስሌት አይመለከተውም።

ቫልቩ ከመዘጋቱ በፊት አየሩ ሙሉ በሙሉ መውጣቱንም እርግጠኛ ሁኚ፤ አየር ከቀረ ጌጁ ልክ ሆኖ ሙቀቱ ያንሳል። ማረጋገጫው የጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ ስፖር ያለበት አምፑል ነው። ቀለሟን የምትቀይር ቴፕ ሙቀት መኖሩን እንጂ መምከኑን አትነግርሽም።

ስለ ፕሌቱ ደግሞ፦ የአጋሩ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ90 ሚሊ ሜትር ፕሌት 25 ሚሊ ሊትር ገደማ። በዓይን አትገምቺ፤ በሲሊንደር ለክተሽ አፍሺ። ጠረጴዛውን በግንበኛ ውሃ ልክ አስተካክዪ፤ ትንሽ ካዘነበለ በአንድ ጎን 3፣ በሌላው ጎን 5 ሚሊ ሜትር ይሆንና ዞኑ እንቁላል ይመስላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጠረጴዛው ስለሚቀዘቅዝ ከ45 ዲግሪ በታች የወረደ አጋር ሳይዘረጋ ይረጋል። በ48 ወይም በ50 ላይ አፍሺው።

ሞረት

ጣርማበር የተናገረው ላይ የምጨምረው ማክፋርላንድን፣ ማለትም የባክቴሪያውን ብዛት በድፍርስነት የምናመሳክርበትን መለኪያ ነው። 0.5 ማክፋርላንድ ለመሥራት 1.175 በመቶ ባሪየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት 0.5 ሚሊ ሊትር፣ 1 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ 99.5 ሚሊ ሊትር፤ እያማሰሉ ይቀላቀላል። ስፔክትሮፎቶሜትር ካለ በ625 ናኖሜትር ከ0.08 እስከ 0.13 መነበብ አለበት። ጨለማ ቦታ ተቀምጦ በየወሩ ይፈተሻል፤ ነጭ ጓል ከያዘ ይጣላል። ባክቴሪያውን በጨው ውሃ አዘጋጅተሽ በ15 ደቂቃ ውስጥ ቀቢ፤ ዲስኩን ከቀባሽ በኋላም በ15 ደቂቃ ውስጥ አስቀምጪ፤ ዲስኩ ካረፈ በኋላም በ15 ደቂቃ ውስጥ ኢንኩቤተር ይግባ። 35 ዲግሪ፣ ከ16 እስከ 18 ሰዓት። ከቀኑ 10 ሰዓት የገባ ፕሌት በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ይሞላዋል፤ ለሥራ ሰዓትም ይመቻል። ከአምስት በላይ ፕሌት አትደራርቢ፤ መሐል ያሉት ዘግይተው ይሞቃሉ።

ወደ 384ቱ እንምጣ። ይህ ቁጥር የሚመጣው ስርጭቱን 50 በመቶ፣ የስሕተት ወሰኑን 5 በመቶ ብሎ በማስላት ነው። በየቴሲሱ የሚገለበጠው ለዚህ ነው፤ ግን ለጥያቄሽ የሚያገለግል ቁጥር አይደለም። 384 ሽንት ሰብስበሽ ካልቸሩ 15 በመቶ ቢያድግ የሚቀርሽ 58 ባክቴሪያ ነው። ከ58ቱ ግማሾቹ ኢኤስቢኤል ቢሆኑ የስሕተት ወሰንሽ ወደ 13 በመቶ ይሰፋል፤ "ከ37 እስከ 63 በመቶ ነው" ማለት ነው። ይህን ይዞ ለሐኪም የሕክምና ምክር መስጠት አይቻልም። ጥያቄሽ ስለ ባክቴሪያው ከሆነ የሚቆጠረው ባክቴሪያው ነው። መጀመሪያ ስንት ባክቴሪያ እንደሚያስፈልግሽ አስዪ፣ ከዚያ በካልቸር የማደግ መጠኑ አካፍለሽ ወደ ናሙና ቁጥር ሂጂ። አንድ ሆስፒታል ካልበቃ ሸዋ ሮቢትንና ሌሎች ቦታዎችን ጨምሪ፤ ደጋና ቆላን ማነጻጸሩም ራሱን የቻለ ቁም ነገር ነው።

ከአንድ ታካሚ የመጀመሪያውን ባክቴሪያ ብቻ ቁጠሪ። ተኝቶ የሚታከም ሰው አምስቴ ቢላክለት አምስት ጊዜ ከተቆጠረ መላመዱ ሳይበዛ የበዛ ይመስላል። የሆስፒታል አንቲባዮግራም (የትኛው መድኃኒት በስንት በመቶው ባክቴሪያ ላይ እንደሚሠራ የሚያሳይ ሠንጠረዥ) ለማውጣትም ቢያንስ 30 ባክቴሪያ ከአንድ ዝርያ ያስፈልጋል። ሁኔት (WHONET) የሚባለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ ይህን ማጣራት እሱ ይሠራልሻል።

ናሙናውም ቢሆን፦ የመሐል ሽንት፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ ላብራቶሪ፤ ካልሆነ 4 ዲግሪ ላይ እስከ 24 ሰዓት። ከወረዳ በሚኒባስ የሚመጣ ሽንት ቦሪክ አሲድ ያለበት ዕቃ ይፈልጋል። ያለ ቦሪክ አሲድ ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ የቆየ ሽንት 100,000 ኮሎኒ ቢያሳይሽ ከፊኛው ይሁን ከመንገዱ አታውቂም።

ቤሬሳ ማዶ

ሦስተኛውን ጥያቄ ልውሰድ። ያለ ፒሲአር ብዙ ይሠራል፤ መጽሔቶች የሚመልሱት ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ፒሲአር ስለጎደለው ሳይሆን ኮንትሮሉ ስላልተጻፈ ነው።

ለኢኤስቢኤል መለያው ሴፎታክሲም 27 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች፣ ሴፍታዚዲም 22ና ከዚያ በታች ነው። እዚህ ላይ ቆሞ "ኢኤስቢኤል አገኘሁ" ማለት አይቻልም። ማረጋገጫው ሁለቱን መድኃኒቶች ለብቻቸውና ከ10 ማይክሮግራም ክላቩላኔት ጋር ማስቀመጥ ነው፤ ከሁለቱ በአንዱ ዞኑ በ5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሰፋ ኢኤስቢኤል ነው። ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ ክሌብሴላ ኤቲሲሲ 700603 ነው። ክላቩላኔት በቶሎ የሚበላሽ ነገር ስለሆነ መብራት በሄደ ቁጥር የሚቀልጥ ፍሪዘር ውስጥ የቆየ ዲስክ ኢኤስቢኤልን ይደብቅብሻል፤ 700603 ይህን ቀድሞ ይነግርሻል። የዲስኩን ዕቃ ከፍሪዘር አውጥተሽ ወዲያው አትክፈቺ። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

ሜሮፔነም ላይ የተጠራጠርሽውን በኤምሲም (mCIM፦ ካርባፔነሜዝን፣ ማለትም እንደ ሜሮፔነም ያሉ መድኃኒቶችን የሚያፈርስ ኢንዛይምን መለያ ፍተሻ) አረጋግጪ፤ ከዲስክና ከሾርባ በቀር የሚፈልገው ነገር የለም። 2 ሚሊ ሊትር ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝ ውስጥ 1 ማይክሮሊትር ሎፕ የሞላ ባክቴሪያ በጥብጪ፣ 10 ማይክሮግራም ሜሮፔነም ዲስክ ጨምሪ፣ 35 ዲግሪ ላይ 4 ሰዓት ይቆይ። ዲስኩን አውጥተሽ፣ ትርፍ ፈሳሹን በሎፕ ከጠርዙ ጠርገሽ፣ 25922 በተቀባ ሙለር ሂንተን ላይ አሳርፊው። በማግስቱ ዞኑ ከ6 እስከ 15 ከሆነ ባክቴሪያው መድኃኒቱን በልቶታል፣ ካርባፔነሜዝ አለ። 19ና ከዚያ በላይ ኔጋቲቭ ነው። ከ16 እስከ 18 ሆኖ ዞኑ ውስጥ ጥቃቅን ኮሎኒዎች ካሉ እሱም ፖዘቲቭ ነው፤ ንጹሕ ከሆነ ይደገማል። ፈሳሹ ሳይጠረግ ከተቀመጠ በፕሌቱ ላይ ተንሸራቶ ቅርጽ የሌለው ዞን ይሰጣል።

ኮሊስቲንን በተራ ዲስክ ዲፊዩዥን እንዳትሞክሪው። ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ በአጋር ውስጥ አይሰራጭም፤ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ተቀባይነት ያለው ብሮዝ ማይክሮዳይሉሽን ነው።

አሁን የሚያበሳጨኝን ልናገር። "ክሌብሴላ ለአምፒሲሊን 100 በመቶ ተላምዷል" ብሎ በግኝት የሚጽፍ ጽሑፍ ሞልቷል። ክሌብሴላ ከተፈጥሮው አምፒሲሊንን ይቋቋማል። ፕሮቲየስም ናይትሮፉራንቶይንንና ኮሊስቲንን እንዲሁ፤ ሱዶሞናስ ሴፍትሪያክሶንን እንዲሁ። እነዚህን ቆጥሮ "ብዙ መድኃኒት የተላመደ" ብሎ መደምደም ሐኪሙንም ያሳስታል፣ አገሪቱ ለሕክምና መመሪያ የምትጠቀምበትን መረጃም ያበላሻል። ብዙ መድኃኒት የተላመደ የሚባለው፣ ተፈጥሯዊው ተቀንሶ፣ ከሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የመድኃኒት ምድቦች በእያንዳንዱ ቢያንስ አንዱን ሲቋቋም ነው።

ሌላው፣ ሴንሲቲቭና ሬዚስታንት ብለሽ ብቻ አትመዝግቢ፤ ሚሊ ሜትሩን ጻፊ። ሲኤልኤስአይ (የላብራቶሪ መለኪያዎችን የሚያወጣው ተቋም) እ.ኤ.አ. በ2019 የሲፕሮፍሎክሳሲንን መለኪያ ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ለውጧል። ቀድሞ 21ና ከዚያ በላይ ሴንሲቲቭ ነበር፤ አሁን 26ና ከዚያ በላይ ነው። በ2018 "ሴንሲቲቭ" ተብሎ ብቻ የተመዘገበ ባክቴሪያ 22 ይሁን 33 ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ የዚያ ዓመት መረጃ ከዛሬው ጋር አይነጻጸርም። ሚሊ ሜትሩ ካለ ግን መለኪያው በተለወጠ ቁጥር እንደገና ይተረጎማል። በጽሑፍሽም የትኛውን ዓመት እትም እንደተጠቀምሽ ጥቀሺ።

ደጋዋ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ጣርማበር፣ አጋሩን ፈጭቼ ለካሁት፤ 6.9 ነው። ቴትራሳይክሊንም ሰፍቷል። ሻማ ጃር ኢንኩቤተሩ ውስጥ የለም፤ የረጋ ሚዲያ በጠርሙስ ተቀምጦ ደጋግሞ ይቀልጥ ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ባክቴሪያዎቹን ያለ ዲፕ ፍሪዘር እንዴት ላቆያቸው? ለብለድ አጋርስ ከደም ባንክ ጊዜው ያለፈበት ደም መጠቀም ይቻላል?

ጣርማበር

6.9 ከሆነ መልሱ ተገኝቷል። ሚዲያውን በትንንሽ ጠርሙስ ለአንድ ቀን በሚበቃ መጠን ሥሪ፤ የቀለጠ አንዴ ብቻ ይቅለጥ፣ የተረፈው ይደፋ። አሲድና ቤዝ እየጨመርሽ የተበላሸውን ለማስተካከል አትድከሚ። አዲስ ከሠራሽ በኋላ ጄንታማይሲኑ ከ19 በላይ መመለሱን ሳታይ የታካሚ ውጤት አታውጪ።

የሰው ደም አይሆንም። አንቲባዮቲክና አንቲቦዲ ሊኖርበት ይችላል፣ ሲትሬቱም እድገትን ይቀንሳል፣ ሄሞሊሲሱም በትክክል አይነበብም፤ የሠራተኛ ደኅንነትም አለ። የበግ አገር ተቀምጠሽ ለምን ትቸገሪያለሽ? በእንስሳት ሐኪም የታየ፣ ጤናማ በግ ያዢ፤ በቅርቡ ኦክሲቴትራሳይክሊን ያልተወጋ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ አለዚያ አጋሩ ራሱ ባክቴሪያ ይገድላል። ከአንገት ደም ሥር በንጹሕ መርፌ ተቀድቶ፣ የመከነ የብርጭቆ ዶቃ ባለበት ጠርሙስ ፋይብሪኑ እስኪለይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በቀስታ ይናጣል። ከ45 እስከ 50 ዲግሪ በቀዘቀዘ አጋር ላይ 5 በመቶ ይጨመራል። ከዚያ በላይ ከሞቀ ደሙ ይጠቁራል።

ዋግዳ

ማቆየቱን በተመለከተ፣ የሙያሽ ሀብት ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ላስረዳ። ኮሊስቲንን የሚያላምደው ኤምሲአር-1 የተባለው ጂን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ከቻይና ሲገለጽ፣ በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ወደ ቆየ ስብስባቸው ተመልሰው ፈለጉት። በ1980ዎቹ ቻይና ውስጥ ከዶሮ ተወስዶ የተቀመጠ ኢ. ኮላይ ላይ ሳይቀር ተገኘ። ባክቴሪያውን ያላስቀመጠ ሰው ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም። የሰሜን ሸዋ ባክቴሪያ የሰሜን ሸዋ ሰው ካላስቀመጠው ሌላ ማንም አያስቀምጥልንም።

አሠራሩ፦ ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝ ከ20 በመቶ ግሊስሮል ጋር፣ ከንጹሕ የአንድ ሌሊት ካልቸር ጥቅጥቅ ያለ ባክቴሪያ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ቫያል። ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ወይም ከዚያ በባሰ ቅዝቃዜ ለዓመታት ይቆያል። በተራ ፍሪዘር ግን በወራት የሚቆጠር ነው፤ በረዶውን ራሱ የሚያቀልጠው ዓይነት ፍሪዘር ደግሞ በየጊዜው እያሞቀ ይገድላቸዋል። ስለዚህ ተራውን እንደ ማሳለፊያ ያዢው፤ ሁለተኛውን ቫያል በየሦስት ወሩ ዲፕ ፍሪዘር ወዳለው ተቋም አድርሺ። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ሆነ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው፤ በስምምነት ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ከመላክሽ በፊት የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ይፈረም፤ ባለቤትነቱ፣ የደራሲነቱ ቅደም ተከተልና ጂኖሙ ቢነበብ መረጃው የማን እንደሚሆን እዚያ ላይ ይጻፍ። ማሸጊያው ሦስት ድርብ፣ ምልክቱ ዩኤን 3373 ነው።

ለአራተኛው ጥያቄ መልሴም ይኸው ነው፤ መግባት ግድ አይደለም። ጂኖም ማንበብ ውጭ ሊሠራ ይችላል፤ ናሙናውን፣ የታካሚውን መረጃና ሚሊ ሜትሩን ግን ከደብረ ብርሃን ውጭ ማንም አያመጣውም።

ሞረት

ዋግዳ ያለው እንዳለ ሆኖ፣ ሁሉን ነገር በሆስፒታል ላይ አታስሪ። የዓለም ጤና ድርጅት ትራይሳይክል የሚለው አሠራር አለ፤ ኢኤስቢኤል ያለበትን ኢ. ኮላይ በሰው፣ በዶሮና በአካባቢ ውሃ ላይ አንድ ላይ ይከታተላል። ዋናው ዕቃ በሊትር 4 ሚሊ ግራም ሴፎታክሲም የተጨመረበት ማኮንኪ አጋር ነው። የቤሬሳን ወንዝ ከከተማው በላይና በታች ቀድቶ ማነጻጸር በዚሁ ይሠራል። ሴፎታክሲም የሌለበት ማኮንኪም አብሮ ይዘርጋ፤ የጠቅላላው ኢ. ኮላይ ቁጥር ከሌለ መቶኛው አይወጣም። መድኃኒቱ ያለበት ፕሌት በፍሪጅ ብዙ አይቆይም፤ በየሳምንቱ በትንሹ ሥሪ፣ በእያንዳንዱ ዙርም 25922 እንዳያድግበት፣ ኢኤስቢኤል ያለው ኮንትሮል ደግሞ እንዲያድግበት ፈትሺ።

ቤሬሳ ማዶ

አንድ ትንሽ ነገር ለዋግዳ መልስ፦ ቫያሉ ላይ በተራ ማርከር ከተጻፈ ግሊስሮልና አልኮል ያጠፋዋል። ቅዝቃዜ የሚችል ሌብል፣ በእርሳስ ተጽፎ፤ የታካሚ ስም ሳይሆን የጥናት ቁጥር፣ ቀንና የባክቴሪያው መጠሪያ። ዝርዝሩም በኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን በደብተርም ይኑር።